እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አቅራቢያ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። ከአራት ዓመት በፊት በሩጫ ጀመርኩ፣ ከዚያ ብስክሌት ገዛሁ፣ ዋና ተማርኩ፤ አሁን የለየለት የትራያትሎን ሱሰኛ ሆኛለሁ። ባለፈው ክረምት ግማሹን ርቀት፣ ማለትም 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 21 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨረስኩ። ቀኑ ሞቃት ነበር። "ውሃ እንዳያጥርህ" ስላሉኝ በየጣቢያው ሁለት ሁለት ኩባያ ጠጣሁ፤ ብስክሌት ላይም ጠርሙሴን ደጋግሜ አስሞላሁ። በጠቅላላው ወደ 7 ሊትር ሳይጠጋ አይቀርም። መጨረሻው ላይ ራሴን ፈለጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ጣቶቼ አብጠው የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ጓደኛዬ እንደሚለው ያረፍንበትን ሆቴል ስም እንኳ መናገር አቅቶኝ ነበር። "ውሃ አጥሮህ ነው" ብሎ አንድ ሊትር ጨመረልኝ። ማታ ብዙ ከሸናሁ በኋላ ተሻለኝ። የገረመኝ ግን ሚዛኑ ነው። ጠዋት 71 ኪሎ ነበርኩ፤ ሆቴል ገብቼ ስመዘን 72 ተኩል።

ዘንድሮ በፈረንጆቹ ጁን መጨረሻ ፍራንክፈርት ላይ ለሚካሄደው ሙሉው አይረንማን ተመዝግቤያለሁ። ምን ያህል ውሃ ልጠጣ? የጨው ኪኒን ልውሰድ? ውድድሩ የሚውለው በሰኔ ጾም ውስጥ ነው፤ እኔም እጾማለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ውድድር ላይ አይቡፕሮፌን እውጣለሁ፤ ይከለከላል? ሌላ ብዙ ችግር የለብኝም። አባቴ በ47 ዓመቱ በድንገት ነው የሞተው፣ የሚያገናኘው ነገር ካለ ብዬ ነው። ስሜ ይቆይ።

መልስ፦

ስለ አባትዎ የጻፏትን አንዲት መስመር አልዘለልኳትም፤ እመለስባታለሁ። እንዲያውም ከደብዳቤዎ ሁሉ ከባዷ እሷ ናት። መጀመሪያ ግን ስለ ሚዛኑ እናውራ።

አንድ ሰው ሰባት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያልበው ውሎ፣ በዚያ ላይ የሰውነቱን ስንቅ ሲያቃጥል ውሎ፣ ከጠዋቱ ይልቅ ከብዶ ከገባ ምክንያቱ አንድ ነው። ካላበው በላይ ጠጥቷል። ውሃ ያጠረው ሰው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እርስዎ ውሃ አላጠረዎትም። ውሃ በዝቶብዎት ነበር። ጓደኛዎ በቅንነት የጨመረልዎት አንድ ሊትር ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ነበር። የዚያን ዕለት የደም ውጤት ስላላየሁ መቶ በመቶ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ያበጠው ጣት፣ ማስመለሱ፣ መደናገሩና ሚዛኑ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ለማሰብ ይከብደኛል።

ሕመሙ ሃይፖናትሬሚያ ይባላል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከልኩ በታች ወረደ ማለት ነው። ጤናማው መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ወጥ ላይ ውሃ ሲያበዙበት ጨዉ ሳይወጣ ጣዕሙ እንደሚጠፋው ሁሉ፣ ደምም በውሃ ብዛት ይቀጥናል። የቀጠነው ደም ውሃውን ወደ ሴሎች ያሰርጋል፤ ሴሎቹም ያብጣሉ። ጣት ቢያብጥ ቀለበት ይጠብቃል፣ በቃ። አንጎል ግን ዙሪያውን አጥንት ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ራስ ምታቱም፣ የሆቴሉ ስም መጥፋቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዚህ ካለፈ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያስታል። ሞትም አለው።

"ኩላሊቴ ለምን ትርፉን አላስወጣልኝም?" ሊሉኝ ይችላሉ። ለረጅም ሰዓት ሲለፉ ሰውነት ጭንቅ ላይ ነኝ ብሎ ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል። የዚህ ሆርሞን ትእዛዝ አጭር ነው፤ ውሃ አይውጣ። ስለዚህ ሌላ ቀን በሽንት የሚወጣው ውሃ ያን ዕለት ታግቶ ይቀራል። ማታ አርፈው ሲረጋጉ ሆርሞኑ ወረደና በሩ ተከፈተ። ብዙ የሸኑት ለዚህ ነው። ያዳነዎትም ይኸው ነው።

ይህ እርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንጆቹ 2002 በተካሄደው የቦስተን ማራቶን ላይ የ488 ሯጮች ደም መጨረሻው መስመር ላይ ተመርምሮ ነበር። ከመቶው 13ቱ ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። በብዛት የተያዙት እነማን መሰሉዎት? ክብደት ጨምረው የገቡትና ከ4 ሰዓት በላይ የፈጀባቸው። ፊት ፊት የሚሮጠው ሰው እየበረረ ስለሆነ ለመጠጣት ፋታ የለውም። እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያለው ነው በየጣቢያው ቆሞ፣ አመስግኖ፣ ሁለተኛውን ኩባያ የሚቀበለው። (የእኔ ታሪክ ከታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር አያልፍም። እሱንም ቢሆን ስጨርስ እያወራሁ ነው።) ሙሉው አይረንማን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በእርስዎ ፍጥነት ከ13 እስከ 15 ሰዓት ይፈጃል። የመጠጫው ሰዓት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ያህል ይጠጡ? ሲጠማዎት ይጠጡ። ሳይጠማዎት አይጠጡ። "ከመጠማትህ በፊት ጠጣ" የሚለው ምክር ለብዙ ዓመት ሲነገር ኖሯል፤ ብዙ ሰውም አሳስቷል። ጥማት ሞኝ አይደለም።

ቁጥር ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚሉ ከሆነ ላብዎን ይለኩ። ከልምምድ በፊት ሽንት ቤት ይግቡ፣ ልብስ አውልቀው ይመዘኑ። በውድድሩ ፍጥነት አንድ ሰዓት ብስክሌት ይንዱ፣ የጠጡትን ይመዝግቡ። ሲመለሱ ላብዎን አድርቀው እንደገና ይመዘኑ። ለምሳሌ 71 ኪሎ የነበሩት 70.4 ከሆኑና ግማሽ ሊትር ከጠጡ፣ በሰዓት ያላብዎት 1.1 ሊትር ነው። ይህ ጣሪያዎ ነው እንጂ ግዴታዎ አይደለም። ከዚያ በታች ጠጥተው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ቀንሰው ቢገቡ ምንም አይሆኑም። በቀዝቃዛ ቀንም በሞቃት ቀንም ይለኩ፤ ልዩነቱ ያስደነግጥዎታል።

የጨው ኪኒን ላብዎ በጣም ጨዋማ ከሆነ ሊረዳ ይችላል። ማሊያዎ ሲደርቅ ነጭ መስመር ይሰራል? እንዲያ ከሆነ ማለቴ ነው። ከመጠን በላይ የጠጣን ሰው ግን ኪኒኑ አያድነውም። የስፖርት መጠጥም እንደዚያው ነው። ጨው አለው ቢባልም ከደማችን ጋር ሲነጻጸር ውሃ ነው።

አይቡፕሮፌን ለውድድር ቀን አይሆንም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። መድኃኒቱ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ውሃ የማስወጣት አቅሙንም ያዳክማል። በሙቀትና በድካም የተጨነቀ ኩላሊት ላይ ይህን መጨመር ለሃይፖናትሬሚያም ለኩላሊት ጉዳትም በር መክፈት ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት ስለሚሸጥ ከረሜላ አይምሰልዎት። ጉልበትዎን አሁኑኑ ለፊዚዮቴራፒስት ያሳዩ። የብስክሌቱ ኮርቻ ከፍታ ብቻ ሊሆን ይችላል ችግሩ።

ለጓደኛዎም አንድ መልእክት አለኝ። የእኛ ሰው ሲደክመው "ጉሉኮስ አድርጉልኝ" ማለት ይወዳል። ሃይፖናትሬሚያ ለያዘው ሰው ግን ያ ቦርሳ በደም ሥር የሚሰጥ ውሃ ነው፤ ሊገድለው ይችላል። መደናገር ከታየብዎ ጓደኛዎ ውሃ መስጠቱን ትቶ ወደ ሕክምና ድንኳን ይውሰድዎት። "ብዙ ጠጥቷል፣ ሶዲየሙን ለኩለት" ይበላቸው። ሕመሙ ከጠና ሐኪሞቹ የሚሰጡት 100 ሚሊ ሊትር ያህል የበረታ የጨው ውሃ ነው። የውድድር ሐኪሞች ይህን ያውቃሉ።

ወደ ጾሙ እንምጣ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ስለሚፈታ ውድድሩ መሐል ላይ ይውላል። የጾም ምግቡ በራሱ ችግር የለበትም። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በልተው ጥሩ አድርገው ልምምድ መሥራት ይችላሉ። የብረት ክምችትዎን የሚያሳየውን ፌሪቲንና ቪታሚን ቢ12ን ግን በደም ምርመራ ያስለኩ። ቡናውንም ከምግብ ላይ ተከትሎ ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ፤ ብረቱን ይሻማል። ፈተናው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ቢሮ ለሚውል ሰው ይቻላል። 180 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ አይቻልም። በውድድሩ ቀን በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግዎታል። እኔ የንስሐ አባትዎ አይደለሁም፤ ፈቃዱን ከሳቸው ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን "ትንሽ ስፖርት አለኝ" አይበሏቸው። ከማለዳ እስከ ማታ እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። ረጃጅም ልምምዶችንም ከ9 ሰዓት በፊት በባዶ ሆድ አይሥሩ። ሰኔ ላይ ጀርመን ውስጥ እስከ ምሽት ብርሃን አለ፣ ይጠቀሙበት።

ስለ ሽሮ ደግሞ አንድ ሚስጥር ላካፍልዎ። ወራቱን ሙሉ ወዳጅዎ የነበረችው ሽሮ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠላት ትሆናለች። ጥራጥሬ፣ ጎመንና ቆሎ ሆድ ይነፋሉ፤ በሩጫው ላይ ደግሞ ሽንት ቤት ያስኬዳሉ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና ነጭ ዳቦ ይብሉ፤ ሁሉም የጾም ናቸው። በሶ የሚስማማዎት ከሆነ በልምምድ ላይ ይሞክሩት። ሳይሞክሩ ግን በውድድር ቀን አይጀምሩት። በውድድር ላይ የሚዋጠውን የስኳር ጄል ሲገዙ ወተት ያለበት እንዳይሆን ጀርባውን ያንብቡ።

አሁን ወደ ውሃ ዋናው፣ ከዚያም ወደ አባትዎ።

አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1985 እስከ 2016 በትራያትሎን ላይ የደረሱ ሞቶችና የልብ መቆሞች ተሰብስበው ተጠንተው ነበር። 135 ተገኙ። 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ላይ ነው። ብስክሌት ላይ በአደጋ የሞቱት 15 ናቸው። ከጠቅላላው 85 በመቶው ወንዶች ሲሆኑ አማካይ ዕድሜያቸው 47 ገደማ ነበር። አደጋው ብርቅ ነው፤ ከ100,000 ተሳታፊ ሁለት እንኳ አይሞላም። ግን ያ ቁጥር ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ከሬሳ ምርመራዎቹ ግማሽ የሚጠጉት የልብ ችግር አሳይተዋል። የቅርብ ዘመዱ ከ50 ዓመት በታች በድንገት የሞተበት ሰው ሳይመረመር ወደ ውሃው መግባት የለበትም። እርስዎ ደግሞ ያ ሰው ነዎት። ዋና በልጅነት ሳይሆን በጎልማሳነት ተምሮ በብዙ ሰው መሐል ክፍት ሐይቅ ውስጥ መግባት ልብን ያስደነግጣል፤ ቀዝቃዛው ውሃና የሚያጨናንቀው የዋና ልብስም ይጨምሩበታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለቤተሰብ ሐኪምዎ ቀጠሮ ይያዙ። አባቴ በ47 ዓመቱ በድንገት ሞቷል ብለው ይጀምሩ። እዚያ ኤካጌ የሚሉትን የልብ ምርመራ በዕረፍትም በብስክሌት ላይም፣ ከዚያም የልብ አልትራሳውንድና የኮሌስትሮል ምርመራ ይጠይቁ። ልምምድ ላይ ደረትዎን ጨምቆዎት፣ ራስዎን ስተው ወይም ልብዎ ያለ ሥርዓት መትቶ ያውቃል? ካለ ይህንንም አይደብቁ።

አንድ የዋና ነገር ደግሞ ከውሃ መጠጣት ጋር ይገናኛል። አንዳንድ ዋናተኞች እየዋኙ ሳንባቸው ውሃ ይቋጥራል። ውሃ ተውጦ አይደለም፤ ከራሳቸው ደም ሥር የሚሰርግ ነው። ከዋና በፊት ብዙ መጠጣት፣ ቅዝቃዜና ጠባብ ልብስ ያባብሱታል። ሳል ከያዘዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደም የቀላቀለ አረፋ ከወጣዎት "ትንሽ ይለፍልኝ" አይበሉ። በጀርባዎ ይንሳፈፉ፣ እጅዎን ያንሱ፣ ጀልባው ይምጣልዎ። ጠዋት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሊትር የመጨለጥ ልማድ ካለዎት ይተዉት፤ ከቁርስ ጋር አንድ ሁለት ብርጭቆ ይበቃል።

የልብ ምርመራው ውጤት እጅዎ ሳይገባ ሐይቅ ውስጥ አይዋኙ፤ ገንዳም ቢሆን ብቻዎን አይግቡ። ወንድም እህት ካለዎትም ደውሉላቸው፤ አባታችሁ አንድ ነውና እነሱም መታየት አለባቸው።