መልስ፦ ጠቡ የጀመረው በ1948 ነው ወይ?

ወንድሜ፣ የአይሁድና የአረብ ጠብ በ1948 ነው ወይ የጀመረው ላልከው፣ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ እንግሊዝ ቱርክን ለማሸነፍ ስትል በቱርክ እጅ የነበረውን አንዱን መሬት ለብዙ ወገን ቃል ገባችበት። በ1915 በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ማክማሆን ከካይሮ ለመካው ገዥ ለሸሪፍ ሁሴን እንግሊዝ የአረብን ነጻነት እንደምትደግፍ ጻፈለት፤ ከደማስቆ፣ ከሆምስ፣ ከሐማና ከአሌፖ በስተ ምዕራብ ያለው ግን አይካተትም አለ። ፍልስጤምን በስም አልጠራም፤ ተካትታለች አልተካተተችም የሚለው ጭቅጭቅ የመጣው ከዚህ ነው። በ1916 ደግሞ እንግሊዝ መሬቱን ከፈረንሳይ ጋር በድብቅ ተካፈለችው።

የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውን የባልፎርን የ1917 ደብዳቤ ቀስ ብለህ አንብበው። ለአይሁድ በፍልስጤም «ብሔራዊ መኖሪያ» ይላል። ከነዋሪው አብዛኛው አረብ ሆኖ ሳለ ግን «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ብሎ ያልፈዋል። የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸው አይነካም ይላል፤ ስለ ፖለቲካ መብታቸው አንድም ቃል የለውም። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ከነዋሪው ማንንም ሳይጠይቁ ነው የጻፉት።