የሜክሲኮ ሠራተኞችና ያልተከፈላቸው ቁጠባ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጄ መንግሥታት በተፈራረሙት የሥራ ስምምነት መሠረት ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ሥልጠና ላይ ናት። ጎረቤታችን መምህሩ፣ ሜክሲኮም በአንድ ወቅት ሠራተኞቿን በስምምነት ወደ አሜሪካ ትልክ እንደነበርና ከደመወዛቸው የተቆረጠው ገንዘብ ቀልጦ እንደቀረ ነገሩኝ። እውነት ነው? ስምምነት እያለስ እንዴት ሊሆን ቻለ?
እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ መምህሩ የነገሩዎት እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ እርሻዎች ሠራተኛ ስላጠራቸው ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ተስማሙ፤ ብራሴሮ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መርሐ ግብር በ1964 መጨረሻ እስኪዘጋ ድረስም 4.6 ሚሊዮን ያህል የሥራ ውሎች ተፈርመውበታል። ውሉ ነጻ መኖሪያን፣ የደርሶ መልስ ጉዞንና በአካባቢው ከሚከፈለው ያላነሰ ደመወዝን ለሠራተኛው ያረጋግጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዙ 10 በመቶው በቁጠባ ስም እየተቆረጠ በአሜሪካ ባንኮች በኩል ወደ ሜክሲኮ ይላክ ነበር፤ የታሰበው ሠራተኛው አገሩ ሲገባ እንዲረከበው ነው። ብዙዎች ግን ሳይረከቡት ቀሩ፤ ገንዘቡ መቆረጡን እንኳ የማያውቁም ነበሩ።

ውሉ ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስረው፣ አቤት ያለ ሰው ወደ አገሩ እንዳይባረር ወይም በሚቀጥለው ወቅት ሳይጠራ እንዳይቀር ይሰጋ ነበር። የላኪው መንግሥት አቋምም ብዙ ይወስናል። ሜክሲኮ በዜጎቿ ላይ በሚፈጸመው መድልዎ ምክንያት ለቴክሳስ እርሻዎች ሠራተኛ አልልክም ብላ እስከ 1947 መጽናቷ የሚያስመሰግናት ነው። ይሁን እንጂ በኦክቶበር 1948 በጥጥ ለቀማ ክፍያ ላይ አልስማማም ስትል፣ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ኤል ፓሶ ላይ ድንበሩን ከፍተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሜክሲኮአውያንን ያለ ስምምነቱ አስገቡ። ሥራ የቸገረው ሕዝብ ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ የመንግሥቱ እምቢታ አቅም አልነበረውም። ከ1974 ጀምሮ ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ ወደ ካናዳ በሚሄዱት ሜክሲኮአውያን ላይም የሥራ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር መታሰሩ ዛሬም ያከራክራል።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ ያረጁት ብራሴሮዎች ሰልፍ ወጥተውና ፍርድ ቤት ቆመው ከተሟገቱ በኋላ የሜክሲኮ መንግሥት በ2005 ፈንድ አቋቁሞ ለእያንዳንዱ 38,000 ፔሶ ለመክፈል ወሰነ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ነው። በሕይወት የነበሩትም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የፈረሙትን ውል ወይም የደመወዝ ወረቀት አምጡ ተባሉ፤ ይህን ማቅረብ ያልቻሉት ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ልጅዎ ከመሄዷ በፊት የውሉንና የፓስፖርቷን ቅጂ እርስዎ ዘንድ ታስቀምጥ፤ ከደመወዟ የሚቆረጥ ነገር ካለም ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘውና መቼ እንደሚመለስላት በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍርላት ትጠይቅ።