ጓንዡ የምትሄዱ ወገኖች፣ ከገበያው ወጣ ብላችሁ ካይፒንግን እዩልኝ

ሰላም ወገኖች። ከአሜሪካም ከካናዳም ተነስታችሁ በጓንዡ በኩል ወደ አዲስ የምትገቡ፣ ወይ ደግሞ ዕቃ ልትጭኑ ቻይና የምትመላለሱ ብዙ ስለሆናችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። አብዛኞቻችን ጓንዡን የምናውቃት በሺያውቤይ ሰፈር፣ በጅምላ ገበያውና በካርጎ ቢሮው ነው፣ እኔም ሶስት ጊዜ ሄጄ ከዛ ውጪ ምንም ሳላይ ነው የተመለስኩት፣ በአራተኛው ጭነቱ ሁለት ቀን ሲዘገይ ነው ካይፒንግ የሄድኩት፣ ከዛ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሂድ እያልኩ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ካይፒንግ እዛው ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናት። ከጓንዡ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ተሳፍራችሁ ካይፒንግ ደቡብ ትወርዳላችሁ፣ ከዛ በታክሲ ወደ ገጠሩ። ስትደርሱ የሩዝ ማሳ መሀል ላይ፣ ዙሪያው ዝቅ ያሉ የገበሬ ቤቶች ብቻ ባሉበት፣ አምስት ስድስት ፎቅ ያላቸው ማማ የመሰሉ ቤቶች ቆመው ታያላችሁ፣ አንዱ ጉልላት አለው፣ አንዱ የሮማ ዓምድ፣ አንዱ ቅስቱ መስጊድ ይመስላል። ዲያውሎው ነው የሚሏቸው። ዛሬ የቀሩት 1,833 ናቸው፣ ዩኔስኮ በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ማን ሰራቸው ካላችሁ ዲያስፖራው ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወንድ ወርቅ ፍለጋና ባቡር ሐዲድ ዝርጋታ ብሎ ወደ አሜሪካና ካናዳ ተሰዷል፣ ከዛ በ1882 አሜሪካ የቻይና ሰራተኛ እንዳይገባ የሚከለክል ህግ አወጣች፣ እስከ 1943 አልተሻረም፣ ስለዚህ ሚስትም ልጅም ማስመጣት አይታሰብም፣ ሰውየው ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ ሲያጥብና ሲተኩስ ኖሮ ያጠራቀማትን ለቤተሰቡ ይልካል። ሽፍታ ደግሞ ብር ከውጭ የሚመጣለት ቤት የቱ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ልጅ አፍኖ ይወስድና ክፈሉ ይላል። በዛ ላይ ወንዙ ሲሞላ መንደሩ በውሃ ይጥለቀለቃል። ለዛ ነው ቤቱን ወደላይ የሰሩት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብና የብረት መዝጊያ ያለው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ወጣ ያለ የተኩስ ቀዳዳ። ሲሚንቶውም ፌሮውም ከውጭ ሀገር በመርከብ ነው የመጣው።

በ1922 ሽፍቶች ቺካን የሚባል ቦታ ትምህርት ቤት ዘርፈው ዳይሬክተሩንና ተማሪዎቹን ይዘው ሲሄዱ ከአንድ ዲያውሎው ላይ ትልቅ መብራት በራባቸውና የየመንደሩ ሰው ወጥቶ ከበባቸው፣ ዳይሬክተሩና 17 ተማሪዎች ተረፉ። ወሬው ባህር ማዶ ሲደርስ ገንዘቡ ጎረፈ፣ አሁን የምታዩዋቸው አብዛኞቹ የ1920ዎቹና የ30ዎቹ ናቸው። ብቻውን መስራት ያልቻለው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አዋጥቶ ነው የሚሰራው፣ ያዋጣ ቤተሰብ ሁሉ አንዳንድ ክፍል ይደርሰዋል፣ ልክ እንደኛ ማህበር ቤት በሉት።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዚሊ መንደር ሂዱ። ሚንግሺ የሚባለው ቤት በ1925 የተሰራ ነው፣ ባለቤቱ አሜሪካ ሰርቶ ያገኘ ሰው ነው፣ የቤት ዕቃው እንዳለ ነው፣ የቤተሰቡ ፎቶም ግድግዳው ላይ አለ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ውጡ። ከዚያ ማጂያንግሎንግ፣ የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ያለች መንደር ናት፣ ጎብኚ ስለማይበዛባት ለኔ ከሁሉም እሷ ትበልጥብኛለች። ሊ ጋርደን የሚባለው ትልቅ ግቢ ያምራል ግን አስጎብኚ ቡድን ይበዛዋል፣ ጊዜ ካጠራችሁ እለፉት። ብዙዎቹ ቤቶች ሰው አይኖርባቸውም፣ ከጃፓን ጦርነትና ኮሚኒስቶቹ ስልጣን ከያዙበት ከ1949 በኋላ ባለቤቶቹ እዛው በሰው ሀገር ቀሩ፣ ቁልፉ ዘመድ ወይ ጎረቤት ጋ ነው። እኔ አንዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሀገር ቤት ዘበኛ ብቻ የሚያድርባቸውን የስንቱን ጓደኞቼን ቤት አሰብኩ፣ እውነት ለመናገር ለመነሳት ከብዶኝ ነበር።

ከጓንዡ መውጣት ካልቻላችሁ ደግሞ ከሺያውቤይ ብዙ የማይርቅ የናንዩዌ ንጉስ ሙዚየም አለ። በ1983 ፎቅ ሊሰሩ ኮረብታ ሲቆፍሩ ከ2,100 ዓመት በፊት የተቀበረ ንጉስ መቃብር ተገኘ፣ አስከሬኑ የለበሰው 2,291 የጄድ ድንጋይ በቀይ ሐር የተሰፋበት ልብስ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን የዝሆን ጥርሱ ነው፣ አምስት ትልልቅ ጥርሶች፣ ሙዚየሙ የአፍሪካ ዝሆን ናቸው ይላል።

ሰፋ ያለ ቀን ያለው ቹዋንዡ ይድረስ፣ ፉጂያን ክፍለ ሀገር። የድሮ ትልቅ ወደብ ናት፣ በ1974 ዕጣን ጭምር የጫነ ከ700 ዓመት በላይ የቆየ መርከብ ከጭቃ ውስጥ አውጥተውባታል፣ በዛ ዘመን ዕጣን የሚሄድላቸው ከዓረብ ምድርና ከአፍሪካ ቀንድ ዳርቻ ነበር። የባህር ሙዚየሙ ውስጥ መስቀል በሎተስ አበባ ላይ የተቀረጸባቸው የክርስቲያን መቃብር ድንጋዮች አሉ፣ ቻይና ውስጥ መስቀል አገኛለሁ ብሎ ያላሰበ ሰው ይደነግጣል።

ስለ ጉዞው፦ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይ የብዙ አውሮፓ ሀገር ፓስፖርት ያላችሁና ወደ ሶስተኛ ሀገር የምታልፉ ከሆነ ጓንዡ ላይ ያለ ቪዛ እስከ 240 ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን እዚህ ውስጥ የለበትም፣ ከመብረራችሁ በፊት ዝርዝሩን ደግማችሁ አረጋግጡ። አሊፔይ (የቻይናው የስልክ መክፈያ አፕ) ላይ ካርዳችሁን እዚሁ ቤታችሁ ሆናችሁ አስገቡ። ጉግል አይሰራም፣ የመንደሩን ስም በቻይንኛ ጽሁፍ ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ታክሲው ለመልሱ እንዲጠብቃችሁ ተነጋገሩ። ለባቡር ዋናው ፓስፖርት ያስፈልጋል። የኦክቶበር 1 ሳምንት በፍጹም አትሂዱ፣ ሀገሩ በሙሉ ዕረፍት ወጥቶ ነው የምታገኙት። ኖቬምበርና ዲሴምበር አየሩ ደረቅ ነው፣ ደስ ይላል።

ከካይፒንግ ስትመለሱ ጂያንግመን ከተማ ላይ የስደተኞቹ ሙዚየም ውስጥ ደብዳቤዎቹን ሳታዩ እንዳትመጡ። ዪንሺን ይባላሉ፣ የብር ደብዳቤ ማለት ነው፣ ብሩና ደብዳቤው አብረው ነበር የሚላኩት፣ ዩኔስኮ እነዚህንም በ2013 መዝግቧቸዋል። ብዙዎቹ ላይ ብሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ተጽፏል፣ ይሄን ያህል ለእናቴ፣ ይሄን ያህል ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ይሄን ያህል ለዕዳው።