ሲስተር፣ ሙዚቃ ጭንቀት ያስታግሳል? የነፍሰ ጡሮች ጥያቄና መልስ

እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ቡና ላይ ወሬው ተነሥቶ ጥያቄ በዛብኝ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሲስተር፣ 5 ወሬ ነው፤ የመጀመሪያዬ። ማታ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሙዚቃ የምር ይረዳል ወይስ ማዘናጊያ ነው?

ይረዳል የኔ እህት። በ2008 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ 236 ነፍሰ ጡሮች ለሁለት ተከፍለው ተጠንተው ነበር። አንዱ ቡድን ለ2 ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ ለስለስ ያለ ሙዚቃ አዳመጠ፤ ሌላው የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ። ያዳመጡት ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ። ዘገም ያለ ምት ትንፋሽን ወደ ራሱ ይስባል፤ ትንፋሽ ሲረዝም ልብም ይረጋል።

ከራት በኋላ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ትራስ በጉልበቶችሽ መሐል አድርጊ፣ ስልኩ እንዳይጠራብሽ አድርጊ። በአፍንጫሽ ስበሽ በአፍሽ ቀስ እያልሽ አውጪ። ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን 4ኛ ፎቅ ድረስ ስታመላልስ የዋለች ጎረቤቴ ጋር በገና ከፍተን ተቀመጥን። መጀመሪያ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠመዝዝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቿ ተፈቱ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ ሆዷ ላይ አረፈ። ያን ቀን ስለ ምጥ ፍርሃቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራችልኝ።

ክላሲካል ነው የሚሻለው ይላሉ፤ እኔ ግን አልወደውም።

እንግዲያው ተዪው። የሚያሳርፍሽ የምትወጂው ነው፤ ዋሽንት፣ ክራር፣ መዝሙር፣ መንዙማ። እኔ በገናን የምመርጠው ለድምፁ ነው፤ ጅማቱ ሥር ያለው እንዝራ የሚባለው የቆዳ ቁራጭ የሚሰጠው እዝዝታ ደረት ውስጥ ይሰማል። ትዝታ ግን ተጠንቀቂ። እናቷን በቅርቡ የቀበረች ሴት ትዝታ ከፍታ ስታለቅስ ካደረች አልታከመችም።

ጾም ላይ ነኝ፣ ዘፈን አልሰማም።

በገና የሁዳዴም አይደል? የዝናብ ድምፅም ይበቃል።

ባለቤቴ 7 ወሯ ነው። ስፒከር ሆዷ ላይ ባደርግ ልጁ ጎበዝ ይሆናል?

አታድርግ ወንድሜ። የሞዛርት ሙዚቃ ጎበዝ ያደርጋል የሚለው ወሬ የመጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጥናት ነው፤ የተፈተኑት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ ለውጡም የቆየው 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ፅንሱ ከ6ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከሁሉም የሚደርሰው በአካሏ ውስጥ የሚያልፈው የእናቱ ድምፅ ነው። እሷ እሹሩሩ ትበል፣ አንተም ጠጋ ብለህ አጫውታት። ሙዚቃውን እያወራችሁ ልትደማመጡ በምትችሉበት መጠን ክፈቱት።

3 ሳምንት ሞከርኩ፣ ሲስተር። ምግብ አይወርድልኝም፣ ብሞት ይሻላል እላለሁ።

እህቴ፣ ይህ የሙዚቃ ነገር አይደለም፤ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ነው። ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ይህችኑ የጻፍሽልኝን ቃል ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ደም ካየሽ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽም ሌሊትም ቢሆን ውጪ። እስክትሄጂ ብቻሽን አትሁኚ። ብሎክሽን ላኪልኝ፤ አሁን መጥቼ አብረን እንሄዳለን።