መብራት ሲሄድ የሚበላሽ ዳታቤዝ፣ ፍለጋ የማያገኘው ስም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ላለ የግንባታ ዕቃ መደብር በሲ ሻርፕ የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት (ሁሉን መረጃ በአንድ ፋይል የሚይዝ ዳታቤዝ) ነው፤ ፋይሉ ካሸሯ ኮምፒውተር ላይ ሼርድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ የመጋዘኑ ኮምፒውተርም እሱኑ ይከፍታል። አንዳንዴ «ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ» (ዳታቤዙ ተቆልፏል) ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ፋይሉ ተበላሽቶ ይገኛል። ዳታቤዙን ልቀይር ወይስ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ይበቃል?

መልስ፦ ዩፒኤሱን ይግዙ፤ ጥፋቱ ግን የመብራቱ ብቻ አይደለም። ኤስኪውላይት መብራት ቢጠፋም እንዲተርፍ ታስቦ የተሠራ ነው። በተለመደው አሠራሩ ዋናውን ፋይል ከመንካቱ በፊት ነባሩን ይዘት አጠገቡ ባለ ጆርናል ፋይል ላይ ይገለብጣል። ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት ግማሽ ላይ የቀረውን ሥራ ከዚያ አንብቦ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ይህ እንዲሆን ግን አንዱ ሲጽፍ ሌላውን የሚያስጠብቀው መቆለፊያ በትክክል መሥራት አለበት፤ በሼርድ ፎልደር ላይ ደግሞ ይህ መቆለፊያ አስተማማኝ አይደለም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከጻፉ መብራት ሳይጠፋም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። «ዋል» የሚባለውን የጆርናል ዘዴ እንዲያበሩ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ግሩም ነው፤ በኔትወርክ ላይ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ሜሞሪ እንዲጋሩ ይፈልጋል።

ስለዚህ አዎ፣ ይቀይሩ። ካሸሯ ኮምፒውተር ላይ ፖስትግሬስ (እንደ ሰርቨር የሚሠራ ዳታቤዝ) ይጫኑና ሁለቱም ፕሮግራሞች በእሱ በኩል ይጻፉ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር መጀመሪያ ላይ አልገናኝ ቢል ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ «ሊስን አድሬስስ» የሚለው ቅንብር ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ የሚመጣውንም እንዲቀበል ሆኗል ወይ? «ፒጂ ኤችቢኤ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ለመጋዘኑ አድራሻ ፈቃድ የሚሰጥ መስመር አለ ወይ? የዊንዶውስ ፋየርዎል ፖርት 5432ን ይከለክላል ወይ? ለካሸሯ ኮምፒውተርም ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይስጡት፤ አለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻው ሊቀየርና መጋዘኑ ሊቋረጥ ይችላል። ዩፒኤሱ ላይ ራውተሩንም ይሰኩት።

ከዳታቤዙ ምርጫ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ደንበኛ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ገዛ እንበል። ፕሮግራሙ ሽያጩን ይመዘግባል፣ ቀጥሎ ከክምችቱ 10 ይቀንሳል። በሁለቱ መሀል መብራት ከሄደ ሽያጩ ተመዝግቧል፣ ክምችቱ ግን አልተነካም። ፋይሉ ጤነኛ ስለሆነ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ጉድለቱ የሚታየው ቆጠራ ላይ ነው፣ የሚጠየቀውም ምንም ያላጠፋው ስቶር ኪፐር ነው። ሁለቱን ትእዛዞች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ያስገቧቸው፤ ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ አንዱም አይጸናም። ይህን ካላደረጉ ፖስትግሬስም አያድንዎትም።

የተበላሸውን ፋይል በተመለከተ፦ አጠገቡ ያለውን ጆርናል እንደ ትርፍ ፋይል ቆጥረው እንዳይሰርዙት፤ መመለሻው እሱ ነው። ሁለቱን አብረው ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱና ቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። የኤስኪውላይት የትእዛዝ መስመር መሣሪያ «ሪከቨር» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ሊነበብ የቻለውን ሁሉ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) መልክ ያወጣል፣ ከዚያ አዲስ ዳታቤዝ ይገነባሉ። ኮድዎ ውስጥ ለፍጥነት ተብሎ «ሲንክሮነስ» (የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው ቅንብር) ኦፍ ተደርጎ እንደሆነም ይፈትሹ፤ ያ መብራት ሲጠፋ ፋይሉን ከሚያበላሹት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰበታ ላለ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም እየሠራን ነው። «ፀሐይ» ብለን ስንፈልግ «ጸሀይ» ተብላ የተመዘገበችው አትገኝም። አዲስ ካርድ ይወጣላትና የቀድሞ ሕክምናዋ ድሮ ካርድ ላይ ይቀራል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የተመዘገበውን ስም አትንኩት፤ ባለቤቱ በጻፈው ፊደል ይቆይ። ከጎኑ «የመፈለጊያ ስም» የሚባል ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩ። ስሙ ሲመዘገብም ሆነ ሲፈለግ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ እያለፈ ይስተካከል፤ ፍለጋው በዚህ ዓምድ ላይ ይሁን፣ ኢንዴክስም (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ይኑረው።

ፈንክሽኑ የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር (ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቅበትን ቁጥር) ይቀይራል። የሐ ቤት ከ4624 እስከ 4630 ነው፤ 16 ቀንሱ። ከኀ ቤት፣ ከ4736 እስከ 4742፣ 128 ቀንሱ። ሠ ከ4640 እስከ 4646 ነው፤ 16 ደምሩ። ከዐ ቤት፣ ከ4816 እስከ 4822፣ 48 ቀንሱ፤ ከፀ ቤት፣ ከ4928 እስከ 4934፣ 8 ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ ዉና ው፣ ጐና ጎም እንዲሁ አንድ ይሁኑ። ፀ 4928 ነው፤ 8 ሲቀነስ 4920፣ ማለትም ጸ። ሐ 4624 ነው፤ 16 ሲቀነስ 4608፣ ማለትም ሀ። ስለዚህ ፀሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ ሁሉም አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ከየቤቱ ሰባቱን ብቻ ያካተትነው ሆን ብለን ነው፤ ሗ ላይ 16 ብትቀንሱ «ሇ» የሚባል ሌላ ፊደል ታገኛላችሁ።

ከፊደሉ የባሰው አጻጻፉ ነው። «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም»፣ «ገ/ማርያም» ሦስቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በመጀመሪያ ወ/ሮንና ወ/ሪትን ከስሙ ፊት አንሱ፤ አለዚያ ቀጣዩ እርምጃ «ወልደሮ» ይፈጥራል። ከዚያ ገ/ን ወደ ገብረ፣ ወ/ን ወደ ወልደ፣ ሀ/ን ወደ ሀይለ ዘርዝሩ፤ ኃ ቀድሞ ወደ ሀ ስለተቀየረ ኃ/ም በዚሁ ይያዛል። በመጨረሻ ክፍት ቦታውን አጥፉ። ተ/ ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል ፕሮግራሙ በራሱ አይወስን፤ ሁለቱንም ፈልጎ ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያሳይ። ዝርዝሩ ላይ ዕድሜና የአባት ስም አብረው ይውጡ፤ የሌላ ሰው ካርድ መክፈት አዲስ ካርድ ከማውጣት ይከፋል።

ጥያቄ፦ የወር ሪፖርት ስከፍት መስኮቱ ይነጣና «ኖት ሪስፖንዲንግ» (መልስ አይሰጥም) ይላል። አሲንክ (መስኮቱን ሳያስጠብቅ ጎን ለጎን እንዲሠራ) አድርጌውም አልተለወጠም። (ከቡራዩ)

መልስ፦ ዊንዶውስ አንድ መስኮት ለ5 ሰከንድ ያህል መልእክት ሳይቀበል ከቆየ እንደቆመ ይቆጥረዋል። የእርስዎ ሪፖርት መስኮቱን በሚስለው ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ እየሠራ ነው። አሲንክ ያልረዳዎት ኤስኪውላይት ስለሚጠቀሙ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማይክሮሶፍት የኤስኪውላይት ላይብረሪ አሲንክ የሚባሉትን ሜተዶች በተግባር የሚያስኬዳቸው እንደ ተራዎቹ ነው። ሥራውን በ«ታስክ ራን» ወደ ሌላ ትሬድ ያውጡትና በአዌይት ይጠብቁት። «ሪዛልት» ብለው ከጠበቁ መስኮቱ መልሶ ይቆማል፣ ምናልባትም ለዘለዓለም። ሪፖርቱ እስኪያልቅ ሪፖርቱን የሚከፍተው ቁልፍ እንዳይጫን ያድርጉት፤ መልስ ያጣ ተጠቃሚ ደጋግሞ ይጫናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኤስኪውኤሉን ይዩ፦ የወሩን ብቻ ይጠይቃል ወይስ ሠንጠረዡን በሙሉ ጭኖ በኋላ ያጣራል? የቀን ዓምዱስ ኢንዴክስ አለው?

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይ ፕሮግራሜ ጳጉሜ ላይ ይሳሳታል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ ነው የማስቀምጠው። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ዳታቤዙ ውስጥ የዶትኔት (የሲ ሻርፕ ፕሮግራም የሚሠራበት መድረክ) የራሱን የቀን ዓይነት ያስቀምጡ፤ የእኛ አቆጣጠር ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ብቻ ይውጣ። ዶትኔት የእኛን ካላንደር አብሮ ስለማይሰጥ ቀመሩን ራስዎ ይጻፉ፦ ዓመቱን በ365 ያባዙ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን ይተዉ፣ ወሩን በ30 ያባዙ፣ ቀኑንና 2399ን ይጨምሩ። የተገኘውን ድምር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1 ዓ.ም. ላይ «አድ ዴይስ» በሚባለው ሜተድ ይደምሩት። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና ትገባለች፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ቀን አላት።

መስከረም 1 ቀን 2000 ድምሩ 732930 ይሆናል፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መውደቅ አለበት። ሁለቱ ከገጠሙ ቀመሩን በትክክል ጽፈዋል። ጳጉሜ ለብቻዋ ኪራይ ይከፈልባታል ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደረባለች የሚለውን ግን ከአከራዩ ውል ይዩና በቅንብር ያስመርጡ፤ በኮድ ውስጥ አይቸንክሩት።