«ሲዲኬ1 ሰርተሽ ታውቂያለሽ?» ቢሉሽ

ሰላም እህቴ። አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ሌላም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ላሳጥረው። ከጅማ በባዮቴክኖሎጂ ተመርቀሻል። በዲቪ ሜሪላንድ ከገባሽ ዓመት ከምናምን ሆኖሻል፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ትንከባከቢያለሽ። አሁን ጌይተርስበርግ ያለ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶሻል። ሥራው የሰው ሴል ሲከፋፈል የሚሠሩ ኢንዛይሞችን በሪኮምቢናንት ዘዴ (ጂናቸውን ሌላ ሴል ውስጥ አስገብቶ) አምርቶ ለምርምር ላብራቶሪዎች መሸጥ ነው። «ዲኤንኤ ከሚያባዛው ፒሲአርና ከጄል በቀር በእጄ የነካሁት የለም። ልሂድ ወይስ መጀመሪያ ማስተርሴን ልያዝ?» ነው ያልሽው።

ሂጂ እንጂ! ማስተርሱ የትም አይሄድም። ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ያግዛሉ፤ ያንን ግን ሥራውን ሰጥተናል ካሉሽ በኋላ ጠይቂ።

የሥራ ማስታወቂያው ላይ የፈራሽው ስም ሲዲኬ1 ነው። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል «ጊዜው ደርሷል» ብሎ ሥራውን የሚያስጀምር ኢንዛይም ነው። ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ ኃይል ተሸካሚ ወስዶ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ይለጥፋል፣ እነሱም ይነቃሉ ወይም ይፈርሳሉ። ብቻውን ግን ሥራ ፈት ነው። ሳይክሊን የሚባል ጓደኛው ካልተጣመረው አይንቀሳቀስም። ማስታወቂያው «ከሳይክሊን ቢ ጋር» ያለው ለዚህ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በራስሽ አፍ መናገር ከቻልሽ ከግማሽ መንገድ አልፈሻል።

አባትሽ በቆሎ እንደሚያርሱ ጽፈሽልኛል። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን የፈጀውን የአሜሪካ ተምች መቼም አትረሺውም። እንግዲህ ስሚኝ፤ ይህን ኢንዛይም ለማምረት ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙት ከዚያው ተምች እንቁላል ማምረቻ የተወሰደ ሴል ነው። ኤስኤፍ9 ይባላል። የሰውን ጂን ባኩሎቫይረስ የሚባል የነፍሳት ቫይረስ ላይ ይጭኑታል፣ ቫይረሱ ወደ ተምቹ ሴል ይዞት ይገባል፣ ሴሉም የሰውን ፕሮቲን ያመርታል። ለምን በባክቴሪያ አይሆንም ካሉሽ፣ ሲዲኬ1 እንዲነቃ ራሱም ፎስፌት ሊለጠፍበት ይገባል፤ ያንን የሚያደርግለት የተምቹ ሴል ውስጥ አለ፣ ባክቴሪያ ውስጥ የለም። ይህን የአባትሽን ማሳ አንሥተሽ ብትነግሪያቸው የሚረሳሽ ጠያቂ አይኖርም።

ቀሪው ማጣራት ነው። ፕሮቲኑ ላይ ብዙ ጊዜ ጂኤስቲ የሚባል ጭራ ይቀጥሉለታል፤ ጭራው ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር የተቀባ ዶቃ ላይ ይጣበቃል፣ ሌላው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለየው ጄል ላይ ታስሮጪዋለሽ። ሲዲኬ1 ወደ 34 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው፣ ጭራው 26 ገደማ፤ ስለዚህ 60 አካባቢ ሰማያዊ መስመር ትፈልጊያለሽ። ጄል አውቃለሁ ብለሽ የለ? ይኸው፣ ታውቂያለሽ።

በመጨረሻ የሚሸጠው ውሃ የመሰለ ጠብታ ነው። 10 ማይክሮግራም፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት በሠላሳ እጥፍ ያነሰ። ዋጋው ግን በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በደረቅ በረዶ ይላካል። ለምርምር ብቻ ነው፣ ሰው አይታከምበትም። ገዢዎቹ በአብዛኛው ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት የሚፈልጉ ናቸው። የዘመዶቹን የሲዲኬ4ንና የሲዲኬ6ን አጋጅ ፓልቦሲክሊብን አሜሪካ ለጡት ካንሰር የፈቀደችው በ2015 ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚፈለገው ሊቅ አይደለም፣ ጥፋቱን የማይደብቅ ሰው ነው። እኔ ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ ላብራቶሪ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቲዩብ ኢንዛይም ተሰጠኝ። በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ ማስቀመጥ ሲገባኝ፣ ሙሉውን በየቀኑ እያቀለጥኩ መልሼ አቀዘቅዘው ነበር። በሳምንቱ ሞተ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በቡፈሩ፣ ማለትም ኢንዛይሙ በሚሠራበት ፈሳሽ ሳላክክ ከረምኩ፤ ለአለቃዬም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩ ሲወጣ ያፈርኩት በኢንዛይሙ መሞት አልነበረም።

ስለዚህ «ፍሪዘሩ ሌሊት ጠፍቶ ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ካሉሽ «አስተካክለዋለሁ» አትበዪ። ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ቲዩቦቹን ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ ለኃላፊዬ እነግራለሁ በዪ። መዝገብ ላይ ስትሳሳቺ ኮሬክተር አይቀባም። በአንድ መስመር ትሰርዢውና ፊርማና ቀን ታደርጊበታለሽ። ይህን ደግሞ አንቺ ከብዙ ተመራቂ በተሻለ ታውቂዋለሽ፤ ለአረጋውያኑ የሰጠሽውን መድኃኒት በየሰዓቱ የምትመዘግቢው እንደዚሁ አይደል? ሬዙሜሽ ላይ ይህን ሥራ የደበቅሽው አፍረሽበት ይሆናል። አውጪው።

ያላደረግሽውን አደረግሁ እንዳትዪ። «ሲዲኬ1 ሰርተሽ ታውቂያለሽ?» ካሉሽ «አልሠራሁም፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን ልንገራችሁ» ብለሽ ከተምቹ ጀምሪ። የሲዲኬን ጂን እርሾ ውስጥ ያጠናው፣ በ1987 ከባልደረባው ጋር የሰውን ጂን ያገኘው፣ በ2001ም ኖቤል የተካፈለው ፖል ነርስ እንኳ ፈረንሳይኛ 6 ጊዜ ወድቆ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት አቅቶት የቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሺያን ነበር።

ዲግሪሽን ኢቫሉዌት ካላስደረግሽ (በአሜሪካ ደረጃ ካላስገመገምሽ) ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ይቆያል። ባይቀበሉሽ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀርመንታውን ላይ የባዮቴክ ትምህርት አለው፤ እጅሽን ለማፍታታት ከማስተርስ ይቀርብሻል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ላብራቶሪውን ሊያስጎበኙሽ ይችላሉ። ሹራብ ያዢ፣ ቀዝቃዛው ክፍል 4 ዲግሪ ነው። ነጠላ ጫማም አታድርጊ፤ ጣቱ የሚታይ ሰው በር ላይ ነው የሚቀረው።