ማታ ማታ የምትበራው ቀይ አምፖል

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች ባለ 12 ቮልት ቮልስዋገን አለችኝ። ቀን ስነዳት ችግር የለባትም፤ ማታ የፊት መብራቱን ሳበራ ግን የቻርጅ ምልክት የሆነችው ቀይ አምፖል ፈዘዝ ብላ ትበራለች፤ ነዳጅ ብሰጣትም አትጠፋም። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀይሬ እንኳ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ይደክማል። አንድ ባለሙያ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወጥቶ በምትኩ አልተርኔተር ይግባ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተርኔተሩን ለጊዜው ያቆዩት። ቀዩ አምፖል በአንድ ጫፉ ከባትሪው በቁልፉ በኩል፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ከዲናሞው ኃይል ስለሚያገኝ፣ የሁለቱ ቮልት እኩል ሲሆን ይጠፋል። ዲናሞው ጨርሶ ቢሞት ቦግ ብሎ ይበራ ነበር፤ የእርስዎ አምፖል ግን የሚፈዝና መብራት ሲበራ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ ዲናሞው እየሠራ ኃይሉ መንገድ ላይ እየባከነ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ባትሪው ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ አድርገው፣ መብራቱን አብርተው፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በዲናሞው ወፍራም ሽቦ ጫፍ ላይ ያሳርፉ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት እጅግ ከበለጠ፣ ጥፋቱ በሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት በሚቆጣጠረው ዕቃ) ውስጥ ባሉት የተቃጠሉ ኮንታክቶች ወይም ወደ ባትሪው በሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያ ላይ ነው። (ሬጉሌተሩ እንደ መኪናዋ ሥሪት በዲናሞው ላይ ወይም ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል።) ከዚያ በባትሪው ጫፎች ላይ ሲለኩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማግኘት አለብዎት፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ደግሞ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል።

ብዙ ጋራዦች የሚዘነጉት ማሳውን፣ ማለትም ኃይሉ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው በካምቢዮው ፊት ያለ የተጠለፈ ሽቦ ነው፤ እሱ ከዛገ ሞተሪኖው ይደክማል፣ ጥፋቱም ባትሪው ላይ ይላከካል። ሞተሪኖው ሲዞር በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ካገኙ ሽቦውን ፈትተው ሁለቱንም ጫፍ እስከ ብረቱ ይጥረጉ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነው ወደ ዲናሞው የሚኬደው፤ ያን ጊዜም መጀመሪያ የሚታየው ያለቀ ካርቦን (በዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ ኃይል የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ነው። በነገራችን ላይ የሬጉሌተሩ ኮንታክት ተጣብቆ ከቀረ ባትሪው ሌሊቱን በዲናሞው በኩል ይፈስሳል፤ ስለዚህ መኪናዋ ቆማ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ፈትተው በሽቦውና በባትሪው ጫፍ መካከል ትንሽ የመፈተሻ አምፖል ያስገቡ። ከበራ አንድ ነገር ኃይል እየጠጣ ነው።

ጉዞ ላይ አምፖሉ ድንገት ቦግ ካለ ግን ወዲያው ይቁሙ፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያም የሚያዞር ስለሆነ፣ ከተበጠሰ ሞተሩ በአጭር ርቀት ይቃጠላል።

አልተርኔተር በሚኒሞም ጥሩ ስለሚሞላ ለከተማ መጨናነቅ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ መጋጠሚያው እንደዛገ ቢቀር ግን አዲሱም ባትሪዎን በሚገባ አይሞላም።